ከሲያትል ዳርቻ ትራውት ለማጥመድ ለምትወጡ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። አራት ጓደኛሞች ናችሁ፣ ጀልባ የላችሁም፣ ከሲያትል ብዙ ሳትርቁ ዳርቻ ላይ ቆማችሁ የባሕር ትራውት ማጥመድ ትፈልጋላችሁ። የት፣ መቼ፣ በምን፣ ደግሞስ የያዝነውን ጠብሰን መብላት እንችላለን ወይ ነው ያልከው። ከመጨረሻው ልጀምር፤ ጓደኞችህ ከቤት ሳይወጡ ሊያውቁት የሚገባው እሱን ነውና። አይቻልም። ሲያትል ያለችበት ፒዩጀት ሳውንድ ባሕር ውስጥ የተያዘ ካትስሮት ትራውት፣ ማለትም እናንተ የምትፈልጉት የባሕር ትራውት፣ እዚያው ይለቀቃል። ትንሽም ሆነ ትልቅ፣ አንድም ቢሆን። ሰው መጥበሻና ዘይት ይዞ መጥቶ ዳርቻው ላይ ሲነገረው ቀኑ ይበላሽበታል። ቀድሞ ካወቀ ግን በሌላ ልብ ነው የሚመጣው።

ለምን ይለቀቃል? ባሌ፣ ዲንሾ የሄደ ሰው ወብ ወንዝ ላይ ትራውት እንዳለ ያውቃል። እነዚያ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከኬንያ መጥተው የተለቀቁ ናቸው፣ ኑሯቸውም ወንዙ ውስጥ ነው። የዚህ አገሩ ካትስሮት ግን ትንሽ ጅረት ውስጥ ተፈልፍሎ ባሕር ይወርዳል፣ እንቁላል ለመጣል ወደ ጅረቱ ይመለሳል፣ ከዚያ እንደገና ይወርዳል። እንደ ፓሲፊክ ሳልመን አንዴ እንቁላል ጥሎ አይሞትም። ስለዚህ ዛሬ በደህና የለቀቅከው አሳ በሚቀጥለው ዓመትም ሊራባ ይችላል። በዚያ ላይ ሩቅ አይሄድም፣ ከዳርቻው ብዙም አይለይም። አንድ ሰፈር ያለውን አሳ ጨርሰን ብንበላው ከሌላ ቦታ መጥቶ የሚተካ ብዙ የለም። እኔ ይህን ደንብ ከልቤ ነው የምደግፈው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አሳው እግርህ ሥር ነው። አዲስ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አውቃለሁ፤ ዳርቻው ላይ ደርሶ ቀጥ ብሎ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ይገባና ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ጥልቁ ይወረውራል። ካትስሮት ግን ምግቡን የሚለቅመው ጉልበትና ወገብ በሚያደርስ ውሃ ውስጥ፣ ጠጠርና የኦይስተር (ዛጎል ያለው የባሕር እንስሳ) ቅርፊት ባለበት ነው። ስትገባ የምታባርረው የመጣህበትን አሳ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ደረቅ መሬት ላይ ቁሙ። ከውሃው ጠርዝ ሁለትና ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ብትሉ ደግሞ የተሻለ ነው። የመጀመሪያዎቹን ውርወራዎች ከዳርቻው ጎን ለጎን አድርጓቸው፣ ከዚያ ቀስ እያላችሁ ወደ ውጭ አስፉት። ውሃ ውስጥ መግባት ካስፈለገ መጨረሻ ላይ ነው፣ ያውም እስከ ጉልበት ይበቃል።

አንድ ቦታ ላይም አትድረቁ። ጥቂት ወርውራችሁ ምንም ካልነካ ተራመዱ። አራት መሆናችሁ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሠላሳ ሠላሳ እርምጃ ተራርቃችሁ ዳርቻውን ተከፋፈሉት፣ ሁላችሁም ወደ አንድ አቅጣጫ ሂዱ፣ የነካለት ይጣራ። አንድ ትራውት ባለበት ሌላም ሊኖር ይችላል። የኋላው ሰው ደግሞ የፊተኛው ያለፈውን ውሃ ትንሽ አሳርፎ ይሞክረው። ብቻዬን ስወጣ ዳርቻውን ለማወቅ ብዙ ጊዜ ይፈጅብኛል፣ ከጓደኞቼ ጋር ስሆን ግን ረፋዱ ላይ አሳው የት እንዳለ እናውቃለን። እውነቱን ለመናገር ይህን አጠማመድ የምወደውም ለዚህ ነው። ጀልባ ላይ ሁሉም ጀርባ ተሰጣጥቶ ይቀመጣል፣ ዳርቻ ላይ ግን እየተጣራህ፣ እየተሯሯጥክ፣ ጓደኛህ የያዘውን ለማየት መረብ ይዘህ እየበረርክ ነው የምትውለው።

ሰዓቱን የሚወስነው የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ነው፤ የእናንተ ዕረፍት ቀን ሁለተኛ ነው የሚመጣው። እዚህ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፣ ከፍታውም እኩል አይደለም። ሲያትል ላይ በከፍተኛውና በዝቅተኛው መካከል ያለው ልዩነት በአማካይ 11 ጫማ ገደማ ነው፣ ኦሎምፒያ ላይ 14 ጫማ ያልፋል። ይህ ሁሉ ውሃ ሲንቀሳቀስ ትናንሽ አሳዎችን ይዞ ይሄዳል፣ ትራውቱም ውሃው በሚታጠፍበት ጥግ ላይ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ውሃው ቀጥ ብሎ ሲቆም ግን ሻያችሁን ጠጡ፣ ምንም አያመልጣችሁም። የሙላት ሰንጠረዡን ኖዋ (የአሜሪካ መንግሥት የውቅያኖስና የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት) በነፃ ያወጣል። ከሙላቱ ወይም ከጉድለቱ መሐል ያለውን ሁለት ሦስት ሰዓት ምረጡ።

ቦታ በተመለከተ፣ ቅርብ ከተባለ ዌስት ሲያትል ያለው ሊንከን ፓርክ ነው፣ ከፎንትሮይ ፌሪ መነሻ አጠገብ። ጎልደን ጋርደንስም አለ። የከተማ ፓርኮች ስለሆኑ የመግቢያ ክፍያ የላቸውም። እኔ ግን ሙሉ ቀን ካላችሁ ወደ ደቡብ ንዱ እላለሁ። ከታኮማ ናሮውስ ድልድይ ወዲያ ያለው ባሕር ጠባብ ጠባብ ክንድ እየሆነ ይገባል፣ ጠጠሩም ጅረቱም ብዙ ነው። ፐርዲ እና ፔንሮዝ ፖይንት ጥሩ መነሻ ናቸው። ፔንሮዝ የስቴት ፓርክ ስለሆነ ለመኪናችሁ ዲስከቨር ፓስ የሚባለው የስቴቱ የማቆሚያ ፈቃድ ያስፈልጋል። አንድ ነገር አደራ፦ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ባሕሩ ሲጎድል የሚገለጠው ዳርቻ ብዙው የግል ነው። ስቴቱ እስከ 1971 ድረስ ለግለሰብ ሲሸጠው ነበር። ፓርክ ገብታችሁ ወዲያ ወዲያ ስትራመዱ የሰው ግቢ ውስጥ ልትገቡ ትችላላችሁ። የፓርኩን ወሰን ካርታ ላይ አይታችሁ ውጡ።

ወቅቱስ? ዓመቱን ሙሉ ይያዛል፣ ለእኔ ግን ማርችና ኤፕሪልን የሚያህል የለም። ቸም የሚባለው የሳልመን ዓይነት ጫጩቶች ከጅረት ወደ ባሕር የሚወርዱት ያኔ ነው። የጣት አንጓ የምታህል አሳ በመንጋ ዳርቻ ዳርቻውን ትሄዳለች፣ ትራውቱም ይከተላታል። ውሃው ላይ በድንገት ትንንሽ አሳዎች ወደ ላይ ሲረጩ ካያችሁ ሥር ሆኖ የሚያሳድዳቸው አለ ማለት ነው፣ ቶሎ እዚያ ወርውሩ።

ዕቃ ብዙ አትግዙ። ቀላል ዘንግ፣ ቀጭን ክር፣ ሩብ አውንስ ገደማ የሆኑ ትናንሽ የብረት ማባበያዎች ይበቃሉ። ማባበያው ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆ ይዞ ከመጣ አውጥታችሁ ባለ አንድ ጫፍ ግጠሙበት፣ ጫፉ አጠገብ ያለችውን የኋልዮሽ እሾህም በፒንሳ ጨፍልቁ። እሾህ አልባ መንጠቆ እዚህ ባሕር ላይ ደንብ ነው። አሳው ሲመጣ እጃችሁን አርጥቡ፣ ጠጠር ላይ አትጎትቱት፣ ፎቶውም ውሃው ውስጥ እንዳለ ይነሳ። ከመንጋጋው ሥር ያሉትን ሁለት ቀይ መስመሮች አይታችሁ ልቀቁት። ብርታት እስኪያገኝ ደግፉትና ራሱ ከእጃችሁ ይውጣ።

ፈቃድ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ ያወጣል። የሚሠራው ከኤፕሪል 1 እስከ ማርች 31 ስለሆነ ማርች ላይ ብትገዙ ወዲያው ያልቅባችኋል። ደንቡ በየባሕር ክልሉ ይለያያል፣ ይለዋወጣልም። ፊሽ ዋሽንግተን የሚባለውን የስቴቱን አፕ ጫኑና በሄዳችሁበት ጠዋት እዩት።

ውሃው በበጋም ቀዝቃዛ ነው፣ በቀልድ አትውሰዱት። እስከ ደረት የሚደርሰውን የጎማ ሱሪ የሚለብስ ሰው ቀበቶውን አጥብቆ ይሰር፣ ቢወድቅ ውሃ እንዳይሞላበት። መርከብ ካለፈ ሞገዱ ከደቂቃዎች በኋላ ነው የሚደርሰው፣ ጀርባ አትስጡት። ገደል ሥር ባለ ዳርቻ ላይ ባሕሩ እየሞላ ከሆነ መመለሻው ሳይዘጋ ተመለሱ። ቅያሪ ካልሲ፣ ሻይ በፔርሙዝ፣ ዳቦና ቆሎ ያዙ።

አሳ ይዘን ካልበላን ለሚሉት ጓደኞችህ ደግሞ ሌላ ቀን አላቸው። ፒንክ ሳልመን በጎዶሎ ዓመት፣ ኦገስት ላይ በብዛት ይመጣል፣ እዚያው ሊንከን ፓርክ ቆማችሁ ልትይዙት ትችላላችሁ። ክልሉ ክፍት መሆኑንና የቀን ገደቡን አፑ ላይ አረጋግጡ፣ የያዛችሁትን የምትመዘግቡበት ካርድም ከፈቃዱ ጋር አውጡ። እሱን በርበሬና ሎሚ አድርጎ መጥበስ ነው። ጎልደን ጋርደንስ የእሳት ማንደጃ ቦታ አለው፣ ቶሎ ስለሚያዝ አንዱን ሰው ቀደም ብላችሁ ላኩት።