ወንድሜን ልራቀው ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ስሜን ሳልጽፍ በመጠየቄ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የአንድ ቤት ልጆች ነን፤ ታናሽ ወንድም አለኝ። ባለፈው ሳምንት ማታ ክፍሉ ጠርቶኝ እያለቀሰ አንድ ነገር ነገረኝ። ልቡ የሚሳበው ወደ ወንድ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው። ከማንም ጋር ምንም አላደረገም፤ ሌሊት እየተነሣ ይጸልያል። እኔ ደንግጬ ጥዬው ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አላናገርኩትም። የማኅበር እኅቶቼን ስሙን ሳልጠራ አማከርኳቸው። «አባቶች የግብረ ሰዶማውያንን መብት አጥብቀው እየተቃወሙ አንቺ ልታቅፊው ነው? ቅዱስ ጳውሎስ መብል እንኳ አትብሉ ብሏል። ራቂው፤ ሌላውም እንዲጠነቀቅ ለሰው ንገሪ» አሉኝ። ባቀርበው ሃይማኖቴን መካዴ ነው? እንዳልርቀው ደግሞ ወንድሜ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ጋብቻ የተማርሽውን እዚህ አልደግምልሽም። ተክሊል የወንድና የሴት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ይህ ትምህርት አልተለወጠም፤ እኔም ላለሳልሰው አልሞክርም። ወንድምሽም ቢሆን እንዲለወጥለት አልጠየቀሽም። ያለቀሰው ስለሚያውቀው ነው።

የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣልኝ የመጀመሪያዬ አይደለም። እናቶች ጠይቀውኛል፤ አባቶች ጠይቀውኛል፤ ወጣቶቹ ራሳቸው ጠይቀውኛል። በሁሉም ውስጥ ያው አንድ ስሕተት ይገጥመኛል። ሰው «አባቶች ተቃውመዋል» የሚለውን ይሰማል። ምኑን እንደተቃወሙ አይጠይቅም። ከዚያ ተቃውሞውን እንደ ዱላ ይዞ ቤቱ ይገባና የገዛ ልጁን፣ የገዛ ወንድሙን ይመታበታል።

እስኪ አባቶች ያሉትን እንይ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ቫቲካን አንድ ሰነድ አወጣች። ካህናት የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችን ከሥርዓተ አምልኮ ውጭ፣ ጋብቻ በማይመስል መልኩ መባረክ ይችላሉ የሚል ነው። በጋብቻ ላይ ያለው ትምህርት አልተነካም ቢባልም ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተቆጡ። በማርች 2024 የኮፕት ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ከካቶሊክ ጋር የነበረውን የሥነ መለኮት ውይይት አቋረጠ። ማንኛውንም ዓይነት የግብረ ሰዶም ግንኙነት እንደማይቀበልም አስታወቀ። ይህን ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ በየስልኩ ዞሯል። ሲኖዶሱ አብሮ ያወጣውን ሌላውን ቃል ግን ስንቱ አነበበው? ዝንባሌው የሚያስቸግረው ሆኖ ራሱን ከዝሙት የሚገዛ ሰው ተጋድሎው የሚመሰገን ነው ይላል። እኅቴ፣ ይህ እኮ ወንድምሽ ነው። ሲኖዶስ ያመሰገነውን ሰው ነው አንቺ አላናግር ያልሽው።

ሌሎቹም ዘንድ እንዲሁ ነው። በጃንዋሪ 2024 ካርዲናል ፍሪዶሊን አምቦንጎ የፈረሙበት የአፍሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት መግለጫ ያንን ቡራኬ አልተቀበለም። እዚያው ላይ ግን ይህ ዝንባሌ ያለባቸው ሰዎች በአክብሮት መያዝ አለባቸው ብሏል። እ.ኤ.አ. በ1998 ላምቤት በሚባለው ጉባኤያቸው የተሰበሰቡት የአንግሊካን ጳጳሳት በ526 ድምፅ ለ70 ድርጊቱ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር አይስማማም ብለው ወሰኑ። በዚያው ውሳኔ፣ ያለ ምክንያት እነዚህን ሰዎች መፍራትና መጥላትን አወገዙ፤ ሰዎቹ የሚሉትን ለመስማትም ቃል ገቡ። ግማሹን ሰምተን ግማሹን የጣልነው እኛ ነን።

አዎ፣ ከዚህ ያለፉም አሉ። በዩጋንዳ በ2023 በግብረ ሰዶም ላይ የወጣውን ከባድ ሕግ የአንግሊካኑ ሊቀ ጳጳስ ስቴፈን ካዚምባ ደግፈዋል፤ የተቃወሙት የሞት ቅጣቱን ነው። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ደግሞ ፖፕ ፍራንሲስ ግብረ ሰዶማዊ መሆን ወንጀል አይደለም፣ ኃጢአትና ወንጀል ለየቅል ናቸው ብለው ነበር። እኔን ከጠየቅሽኝ እስር ቤት ሰውን ለንስሐ ሲያበቃ አላየሁም። ጌታ ለጴጥሮስ የሰጠው የመንግሥተ ሰማያትን መክፈቻ ነው፤ የእስር ቤት ቁልፍ አልሰጠውም። ቤተ ክርስቲያን የማትባርከውን አልባርክም ማለት መብቷ ነው፤ ግዴታዋም ነው። የምትናገረው ግን ስለ ራሷ መሠዊያ ነው። ሰው እንዲደበደብ፣ ከቤት እንዲባረር፣ ሐኪም እንዳያየው የሚፈቅድ ቃል ከክርስቶስ አፍ አልወጣም።

አሁን ወደ «መብል እንኳ አትብሉ» ልምጣ። ቃሉ 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 5 ላይ ነው። እዚያ የተነሣው ሰው ከአባቱ ሚስት ጋር የሚኖር ነው። በአደባባይ ነው የሚያደርገው፤ ማኅበሩም በማዘን ፈንታ ታብዮበታል። ወንድምሽ ምን አደረገ? በሩን ዘግቶ አለቀሰ። ይህን ጥቅስ በእሱ ላይ ማንሣት ያለቦታው መጥቀስ ነው።

ደግሞ ቁጥር 11ን እስከ መጨረሻው አንብቢው። ከሴሰኛው ጋር እነማን ተቆጥረዋል? ገንዘብን የሚመኝ፣ ተሳዳቢ፣ ሰካር፣ ነጣቂ። ተሳዳቢ የሚለው ላይ ትንሽ ቁሚልኝ። ሰውን እያዋረደ የሚጽፍ፣ ስም እየጠራ የሚያንቋሽሽ ማለት ነው። በምዕራፍ 6 ሐዋርያው ወንድ ከወንድ ጋር የሚያደርገውን ሲከለክልም ተሳዳቢው እዚያው መስመር ላይ አለ፤ እሱም የእግዚአብሔርን መንግሥት አይወርስም። ስለ ሃይማኖት እሟገታለሁ ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲሳደብ የሚውል ወንድም፣ የሚጠቅሰው ጥቅስ ራሱን እየከሰሰው እንደሆነ አያስተውልም። አብረነው ግን እንበላለን። ማንም ራቁት አይለንም።

ቀጥሎ ጳውሎስ «ከእናንተም አንዳንዶቹ እንደ እነዚህ ነበራችሁ» ይላል። አስቢው። ደብዳቤው ሲነበብ እነዚያ ሰዎች እዚያው ጉባኤ ውስጥ ተቀምጠዋል። አልተባረሩም። በሁለተኛው መልእክቱ ደግሞ ስለ ተቀጣው ሰው «ከልክ በሚበዛ ኀዘን እንዳይዋጥ» ይቅር በሉት፣ አጽናኑት ብሎ ለመናቸው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ይህ ሰው ያው ከአባቱ ሚስት ጋር የነበረው ነው ብሎ ይተረጉማል። ጳውሎስ ኀዘን ሰውን እንደሚውጥ ያውቅ ነበር። እኛስ?

የራሴን ጥፋት ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት ስለ ሰዶም አስተማርኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር። ሕዝቡ እልል ሲል ይበልጥ ጨመርኩበት። ጉባኤው ሲበተን አትሮንሱ ላይ አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። «መምህር፣ ዛሬ የተናገሩት ስለ እኔ ነው። እኔ ግን የመጣሁት ልድን ብዬ ነበር» ይላል። ከሥሩ ስሙን ጽፎ መልሶ ሰርዞታል። እስክሪብቶውን በጣም ስለተጫነው ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ ተቀዷል። ብዙ ጊዜ ብርሃን ላይ ይዤ ስሙን ለማንበብ ሞክሬያለሁ። አልተነበበልኝም። ወረቀቱ ዛሬም መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ፣ ዘፍጥረት ላይ አለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዘፍጥረት 18ንና 19ን ሳነብ ሌላ ነገር አየሁ። እግዚአብሔር በሰዶም ላይ ሊያደርግ ያለውን ለአብርሃም ሲገልጥለት አብርሃም ምን አለ? እሰይ አላለም። «እነሆ፥ እኔ አፈርና አመድ ስሆን» እያለ ይለምን ጀመር። ኃምሳ ጻድቃን ቢገኙስ? አርባ አምስት? አርባ? ሠላሳ? ሃያ? አሥር? ስድስት ጊዜ ለመነ። ጌታም አንድም ጊዜ ዝም በል አላለውም። የእግዚአብሔር ወዳጅ የተባለው ሰው በሰዶም ፊት የቆመው እንዲህ ነው። ስለ ሰዶም የምናስተምር ሰዎች ይህን ምዕራፍ ዘለን 19 ላይ መጀመር እንወዳለን።

19ኙንም ቢሆን አጥርተን አናነበውም። በሌሊት የሰው ቤት የከበቡት እነማን ናቸው? ከብላቴና እስከ ሽማግሌ ተሰብስበው «አውጣልን» እያሉ በር ሊሰብሩ የቀረቡት? የሰዶም ሰዎች ናቸው። የሰውን ምስጢር ይዘው በሌሊት ደጁ ላይ የሚሰበሰቡ ወጣቶች ጽድቅ የሠሩ ይመስላቸዋል። በዚያ ታሪክ ውስጥ ግን የቆሙበትን ቦታ ልብ ብለው ይዩት። ነቢዩ ሕዝቅኤልም በምዕራፍ 16 የሰዶምን ኃጢአት ሲቆጥር ከትዕቢት ይጀምራል፤ ከጥጋብ፣ የችግረኛውን እጅ ካለማበርታት። ርኩሰታቸውንም ቀጥሎ ይናገራል፤ አልሸፋፈነውም። የሚናገረው ግን ለኢየሩሳሌም ነው። ቤተ መቅደስ ላላት ከተማ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ሎጥ ለአብርሃም የወንድሙ ልጅ ነው። ምዕራፍ 14 ላይ ሎጥ ሲማረክ ግን መጽሐፉ «ወንድሙ እንደ ተማረከ በሰማ ጊዜ» ይላል። ወንድሙ ይለዋል። አብርሃም ተነሥቶ ተከተለው። ከተማዋ በጠፋችበትም ቀን እግዚአብሔር አብርሃምን አስቦ ሎጥን ከጥፋት መካከል አወጣው ይላል። የዳነው በሚለምንለት ሰው ምክንያት ነው። ለወንድምሽ ማን ይለምንለት? የማኅበር እኅቶችሽ?

አሁን ስለ እሱ። ፈተና መጣብኝ ማለትና ኃጢአት ሠራሁ ማለት ይለያያሉ። ያዕቆብ በመልእክቱ ምኞት ፀንሳ ኃጢአትን ትወልዳለች ይላል። ወንድምሽ ከዚያ በፊት ቆሞ እየታገለ ነው። የንስሐ አባት ካለው ለእሳቸው ይንገራቸው፤ ከሌለው በእርጋታ የሚሰማ አባት አብራችሁ ፈልጉ። የሚቆጣ ከገጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። አብሮት የሚጸልይ ሰው ይፈልጋል፤ አንቺ ሁኚ። ብሞት ይሻላል የሚል ቃል ከአፉ ከሰማሽ ደግሞ ብቻውን አትተዪው። ለሐኪምም አሳዪው። ይህ እምነት ማጣት አይደለም።

ሚስት ፈልጉለት የሚል ዘመድ ይመጣል። እሺ እንዳትዪ። «ሲያገባ ይተወዋል» ብለው የዳሩትን ቤት አይቻለሁ። እኔ ዘንድ እያለቀሰች የመጣችው ሙሽራይቱ ናት። ዓመት ሙሉ ጥፋቱ የእሷ፣ የመልኳ ይመስላት ነበር። የሰው ልጅ ለሰው መድኃኒት ተብላ አትዳርም። ይህ በእሷ ላይ ኃጢአት ነው፤ ተክሊሉንም መቀለጃ ማድረግ ነው። ሊመነኩስ ይችላል፣ ብቻውን በንጽሕና ሊኖር ይችላል፣ እግዚአብሔር የሚያውቀው ሌላ መንገድ ሊኖር ይችላል። ያን ለመወሰን አንቺም አትቸኩዪ፤ እኔም አልቸኩልም። ሸክሙ ከባድ ነው። ቀላል ነው ብለሽ እንዳትነግሪው፤ ያልተሸከምነውን ቀላል ነው ማለት አይገባንም።

«ለሰው ንገሪ» ላሉሽ መልስሽ አንድ ነው፤ አልናገርም። ወንድምሽ አንቺን አልበደለሽም። ቢበድልሽ እንኳ ጌታ በማቴዎስ 18 አንቺና እሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ተነጋገሩ ነው የሚልሽ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ይህ ወሬ አንዴ ከወጣ ሥራውን፣ ቤቱን፣ ሕይወቱንም ሊያሳጣው ይችላል። ያኔ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። ስሙን ሳትጠሪ ማማከርሽ ደግ አደረግሽ፤ ከዚህ በኋላ ግን ያንኑም ተዪው። አንድ ታናሽ ወንድም ነው ያለሽ፤ ገምተው ይደርሱበታል።

አቀርበዋለሁ ማለት ሁሉንም ተስማማሁ ማለት አይደለም። ጌታ ዘኬዎስን ከዛፍ ያወረደው «ዛሬ በቤትህ እውላለሁ» ብሎ ነው። ዘኬዎስ ስለ ገንዘቡ የተናገረው ከዚያ በኋላ ነው።

ያን ዕለት ማታ ጥለሽው ስትወጪ ምን እንዳሰበ አላውቅም። እስከ ዛሬ ድረስ የእግርሽን ኮቴ ሲሰማ በሩ ላይ ትቆም እንደሆነ እያዳመጠ ይሆናል። ረጅም ንግግር አታዘጋጂ። ጥቅስም አትያዢ። «ደንግጬ ነው፤ ይቅር በለኝ» በዪውና አጠገቡ ተቀመጪ። ከፈለገ ያወራል፤ ካልፈለገም ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። አሁን ወደ ክፍሉ ሂጂ። ቀስ ብለሽ አንኳኪ፤ እስኪከፍትልሽም ጠብቂ።