ጥያቄና መልስ፦ ቻታም ስኩዌር ጣቢያ የት ገባ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ አንድ የድሮ ኒውዮርክ ፎቶ ላይ ከመንገዱ በላይ በብረት ቋሚዎች የቆመ ግዙፍ የባቡር ጣቢያ አየሁ፣ ቻታም ስኩዌር ይላል፣ ካርታ ላይ ብፈልገው ግን የለም፣ ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ ፈርሶ ነዋ! ማንሃተን ውስጥ ቻይናታውን ጋር ነበር፣ ከመንገድ በላይ የሚሄዱት የሰከንድ አቬኑና የሰርድ አቬኑ የባቡር መስመሮች የሚገናኙበት ስለሆነ ነው እንደዛ የገዘፈብህ። የሰርድ አቬኑው መስመር በፈረንጆቹ 1878 ሲከፈት ባቡሩ በእንፋሎት ነበር የሚሄደው፣ እና ከስር የሚያልፈው ሰው ላይ አመድና ዘይት ይንጠባጠብበት ነበር (ነጭ ልብስ ለብሶ ማለፍ አስበው)፣ በኋላ ኤሌክትሪክ ቢገባም ጫጫታው አልቀረም፣ መንገዱም ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው፣ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ደሞ መጋረጃ ከከፈተ ተሳፋሪው ሳሎኑን ያያል።

ሰብዌይ (የምድር ውስጥ ባቡር) ሲስፋፋ ከተማው እነዚህን መስመሮች አንድ በአንድ ነቃቀላቸው። ሰከንድ አቬኑ በ1942 ተዘጋ፣ ሰርድ አቬኑ ማንሃተን ውስጥ ሜይ 12 ቀን 1955፣ ብሮንክስ (ሌላው የኒውዮርክ ክፍል) ያለው ቁራጭ ግን እስከ 1973 ሰርቷል። ማፍረሱ ባይከፋም ምትኩ ሳይሰራ መሆኑ ነው እኔን የሚያናድደኝ፣ ምክንያቱም ለስንት ዘመን ሲወራለት የነበረው የሰከንድ አቬኑ ሰብዌይ የመጀመሪያው ክፍል የተከፈተው በ2017 ነው፣ እሱም ማንሃተን ውስጥ አፐር ኢስት ሳይድ በሚባለው ሰፈር እንጂ ቻታም ስኩዌር ጋ ድርሽ አላለም።