ገመዱ የማን ነው? ስለ አውሮፓ የኤሌክትሪክ ገበያ ሕግ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

(በዚህ ዓምድ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፤ ፍራንክፈርት ከተማ መኖር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በ2020 አንዲት ጎረቤቴ ርካሽ የመብራት ኩባንያ ጠቁማኝ ውል ገባሁ። በ2021 መጨረሻ፣ የፈረንጆቹ ገና ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ኩባንያው አቅርቦቱን ማቆሙን የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ላከልኝ። ከልጆቼ ጋር በጨለማ ልቀመጥ ነው ብዬ ሻማ ሁሉ ገዝቼ ነበር፤ መብራቱ ግን ለአንድ ደቂቃም አልጠፋም። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ኩባንያ፣ ከቀድሞው እጥፍ በላይ በሆነ ዋጋ፣ ደንበኛው መሆኔን ጻፈልኝ። ያልፈረምኩት ውል እንዴት ይጸናብኛል? ገመዱስ የማን ነው? መብራት እንደ ድንች በየሻጩ እንዲቸረቸር የወሰነውስ ማን ነው?
ወ/ሮ ሰ.፣ ከፍራንክፈርት

መልስ፦ ወይዘሮ ሰ.፣ የቀሩትን ጥያቄዎች የሚፈታው ሁለተኛው ጥያቄዎ ስለሆነ ከእሱ እንነሳለን። እስከ ቆጣሪዎ የሚመጣው ገመድ ያኔም ሆነ ዛሬ የአካባቢዎ የማከፋፈያ መረብ ባለቤት ንብረት ነው። ውል የገቡለት ርካሽ ኩባንያ ምናልባት አንድ ሜትር ሽቦም ሆነ አንድ ትራንስፎርመር አልነበረውም፤ ሥራው ኃይልን ከጅምላ ገበያ ገዝቶ ለእርስዎ መሸጥና ሒሳብ መሰብሰብ ብቻ ነበር። እሱ ሲወጣ የተቋረጠው ውሉ እንጂ ኤሌክትሪኩ አልነበረም፤ የገዙት ሻማም ሳይለኮስ የቀረው ለዚህ ነው። ይህ መስመርን ከሻጭ የመለየት አሠራር በአንድ ቀን ውሳኔ የመጣ አይደለም። በእኛ እምነት የአውሮፓ ኅብረት የኃይል ገበያ ሕግ ላለፉት ሠላሳ ዓመታት የተጓዘበትን መንገድ ለመረዳት ከሁሉ በፊት መያዝ ያለበት ጥያቄም ይኸው የእርስዎ ጥያቄ ነው፤ ገመዱን የያዘው ማን ነው የሚለው።

እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በአብዛኛው አውሮፓ ኃይል የሚያመነጨው፣ የሚያስተላልፈውና ለቤተሰብ የሚሸጠው አንድ ድርጅት ነበር። ፈረንሳይ በ1946፣ ጣሊያን ደግሞ በ1962 ዘርፉን ወደ መንግሥት እጅ አስገብተውታል። በጀርመን የነበሩት በርካታ ኩባንያዎች ቢሆኑም እያንዳንዳቸው ሌላ የማይገባበት ክልል ስለነበራቸው ደንበኛው ምርጫ አልነበረውም። መንገዱን ቀድመው የጀመሩት በ1990 ዘርፉን ከፋፍላ ወደ ግል ያዛወረችው ብሪታንያና አዲሱን የኢነርጂ ሕጓን በ1991 ሥራ ላይ ያዋለችው ኖርዌይ ናቸው። ኅብረቱ በበኩሉ ሸቀጥና አገልግሎት ያለ ድንበር የሚዘዋወርበትን የጋራ ገበያ እስከ 1992 መጨረሻ ለማቋቋም ሲነሳ፣ ቢራና መኪና በነፃነት ድንበር እየተሻገሩ ኤሌክትሪክ የማይሻገርበት ምክንያት ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ መነሳቱ አልቀረም።

የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ መመሪያ በ1996፣ የጋዙ ደግሞ በ1998 ወጣ። ሁለቱም በአባል አገሮች መካከል ከተደረገ ረጅም ድርድር የተገኙ ሕጎች በመሆናቸው መልካቸው የመስማማትን ዋጋ ያሳያል። መጀመሪያ ላይ አቅራቢውን እንዲመርጥ የተፈቀደለት ብዙ ኃይል የሚጠቀም ፋብሪካና መሰል ትልቅ ደንበኛ ሲሆን ይህም ከገበያው ሩብ ያህሉን ብቻ ይሸፍን ነበር። አዲስ የሚገባ ሻጭ በነባሩ ኩባንያ መስመር የሚጠቀምበት ሁኔታም ለየአገሩ ምርጫ ተተወ። ጀርመን በ1998 ገበያዋን ለቤተሰብ ደንበኞች ጭምር በአንድ ጊዜ ከፈተች፤ ነገር ግን የመስመር ኪራይን የሚወስን ተቆጣጣሪ አላቋቋመችም፤ ጉዳዩን ለኩባንያዎቹ ማኅበራት ድርድር ተወችው። ውጤቱን መገመት አያዳግትም። የመስመሩ ባለቤት ራሱ ሻጭ ሲሆን ተፎካካሪውን በመስመር ክፍያ ብቻ ከገበያ ማስወጣት ይችላል፤ በእነዚያ ዓመታት ተስፋ ሰንቀው ከገቡት አዳዲስ ሻጮች ብዙዎቹ ከገበያው ወጥተዋል። የጀርመን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የኤሌክትሪክና የጋዝ መረቦችን መቆጣጠር የጀመረው በ2005 ነው።

ለዚህ ያስገደደው የ2003ቱ ሁለተኛው ፓኬጅ፣ ማለትም የ1990ዎቹን መመሪያዎች የተካው የኅብረቱ የሕግ ጥቅል፣ ሲሆን እያንዳንዱ አገር ተቆጣጣሪ እንዲያቋቁም፣ መስመሩም ቢያንስ ራሱን የቻለ የሕግ ሰውነት ባለው ኩባንያ እንዲያዝ፣ እስከ ሐምሌ 1 ቀን 2007 ድረስም ማንኛውም ቤተሰብ አቅራቢውን መምረጥ እንዲችል አዘዘ። ይሁንና ልጅ ኩባንያ ስሙ ቢለይም ኪሱ ከወላጁ ጋር አንድ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2005 ጀምሮ በጥር 2007 ባጠናቀቀው የዘርፉ ምርመራ የደረሰበት ድምዳሜም ይኸው ነበር፤ መስመርና ሽያጭ በአንድ ባለቤት እጅ እስካሉ ድረስ ገበያው በወረቀት ላይ ቢከፈትም በተግባር ዝግ እንደሚሆን ገለጸ።

በዚያ ዘመን የተፈጸመ አንድ ድርጊት የፍጥጫውን መጠን ስለሚያሳይ በዝርዝር ማንሳቱ ተገቢ ይመስለናል። በግንቦት 2006 የኮሚሽኑ መርማሪዎች ኢ.ኦን የተባለውን ትልቅ የጀርመን ኩባንያ የሙኒክ ቢሮ ያለማስጠንቀቂያ ገብተው ፈተሹ። ሥራው በአንድ ቀን ስላላለቀ የሰበሰቧቸውን ሰነዶች አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ከቆለፉ በኋላ በሩ ላይ የፕላስቲክ ማሸጊያ ለጥፈው ሄዱ። ማሸጊያው ከተላጠ መልሶ ቢለጠፍም መነካቱን የሚያጋልጥ ጽሑፍ የሚያወጣ ዓይነት ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሲመለሱ ጽሑፉ ወጥቶ አገኙት። ኩባንያው ወደ ክፍሉ የገባ ሰው እንደሌለ፣ ምክንያቱም የሕንፃው ንዝረት ወይም የጽዳት ሠራተኛ የተጠቀመችበት ፈሳሽ ሊሆን እንደሚችል ተከራከረ። ኮሚሽኑ ግን በጥር 2008 የ38 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ጣለበት፤ የኅብረቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2012 ቅጣቱን አጸና። በዚያው በ2008 ኩባንያው፣ ኮሚሽኑ በገበያው ላይ በከፈተበት ሌላ ምርመራ ምክንያት፣ የከፍተኛ ቮልቴጅ ማስተላለፊያ መረቡን ለመሸጥ ግዴታ ገባ፤ ገዢውም የሆላንድ መንግሥት ንብረት የሆነው ቴኔት ነበር። ከጀርመን የኤሌክትሪክ አውራ ጎዳናዎች አንዱ በጎረቤት አገር መንግሥት እጅ መግባቱን ያኔ ብዙዎች በመገረም ተቀብለውታል።

በ2009 የጸደቀው ሦስተኛው ፓኬጅ የዚህ ሁሉ ውጤት ነው። ማስተላለፊያ መስመርን ከማመንጨትና ከመሸጥ በባለቤትነት ጭምር መለየትን ዋና መንገድ አደረገ፤ ፈረንሳይና ጀርመን አጥብቀው ስለተቃወሙም ባለቤትነቱ ሳይለወጥ ጥብቅ የነፃነት ግዴታ የሚጣልበትን ሌላ አማራጭ ጨመረ። የአገራቱን ተቆጣጣሪዎች ሥራ የሚያስተባብር ኤጀንሲም በስሎቬኒያ ዋና ከተማ በሉብሊያና ተቋቋመ። ሕጉ ጋዝንም ስለሚመለከት ከኅብረቱ ውጭ ያለ አቅራቢ በኅብረቱ ግዛት ጋዙንም ቧንቧውንም ደርቦ መያዝ ከባድ ሆነበት፤ ሩሲያ በታኅሣሥ 2014 የሰረዘችው የሳውዝ ስትሪም ቧንቧ ፕሮጀክት ከተጋጨባቸው ጉዳዮች ዋነኛው ይኸው ነበር።

አሁን ወደ እርስዎ ውል እንመለስ። ሕጉ ለቤተሰብ ደንበኛ የመምረጥ መብት ብቻ ሳይሆን ኃይል የማግኘት መብትም ይሰጠዋል። አቅራቢዎ ሲወጣ የጀርመን ሕግ በአካባቢዎ ብዙ ቤተሰብ የሚያገለግለውን ሻጭ፣ በእነሱ አጠራር ግሩንድፌርዞርገር የሚባለውን፣ ያለ ፊርማዎ እንዲረከብዎ ያስገድደዋል። ውሉ የጸናብዎ በሕግ ኃይል ነው፤ ከጨለማ ያዳነዎትም እሱ ነው። ቅር የሚያሰኘው ዋጋው ነው፤ በዚያ ክረምት አንዳንድ ተረካቢዎች ለነባር ደንበኞች አንድ፣ ለአዲስ መጤዎች ሌላ በጣም የናረ ታሪፍ አውጥተው ነበር። በ2022 የተሻሻለው የጀርመን ሕግ በመሠረታዊ አቅርቦት ውስጥ ደንበኛን በውሉ ቀን ለይቶ የተለያየ ዋጋ ማስከፈልን ከልክሏል። ዛሬም በዚሁ አቅርቦት ላይ ከሆኑ በሁለት ሳምንት ማስታወቂያ ብቻ ወደ ሌላ ሻጭ መዛወር እንደሚችሉ ይወቁ፤ ብዙ ወገኖቻችን ይህን ባለማወቅ ለዓመታት ውዱን ታሪፍ ይከፍላሉ።

ርካሹ ሻጭ የወደቀበት ምክንያትም መነገር አለበት። እንዲህ ያሉ ሻጮች ለደንበኛው ቋሚ ዋጋ ቃል እየገቡ ራሳቸው ግን ኃይሉን በአጭር ጊዜ ገበያ ይገዙ ነበር፤ ዋጋው ሲንር የሚከላከላቸው ውል አልነበራቸውም። ይህን ክፍተት የዘጋው በ2024 የወጣው የኅብረቱ ሕግ ማሻሻያ ነው። ሻጮች ከዋጋ መዋዠቅ የሚጠበቁበት ስልት እንዲኖራቸው፣ እያንዳንዱ አገር ተተኪ አቅራቢ እንዲሰይም፣ ቤተሰብ ለተወሰነ ጊዜ ቋሚ ዋጋ ያለው ውል የማግኘት መብት እንዲኖረው ደነገገ። እነዚህ ጥበቃዎች ለቤተሰብ ገበያው ሲከፈት አብረው መምጣት ነበረባቸው፤ የ17 ዓመቱን መዘግየት ዋጋ የከፈሉት እንደ እርስዎ ያሉ እናቶች ናቸው።

ጥያቄ፦ የምኖረው በደቡብ ስዊድን፣ ማልሞ ነው። ስዊድን ኃይሏን በአብዛኛው ከውኃ፣ ከኒውክሌርና ከነፋስ ታገኛለች ይባላል። ታዲያ በ2022 ጋዝ ሲወደድ የእኔ ቢል ለምን አብሮ ሰማይ ነካ? ሰሜን ውስጥ፣ ኡሜዮ ያለው ወንድሜስ ለምን የእኔን ያህል አልከፈለም?
አቶ ተ.፣ ከማልሞ

መልስ፦ አቶ ተ.፣ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ የነገው ኤሌክትሪክ ጨረታ ይዘጋል። አመንጪዎች ለነገው እያንዳንዱ ጊዜ ስንት ሜጋዋት በስንት ዋጋ እንደሚያቀርቡ ያስገባሉ፤ ከርካሹ ተጀምሮ ፍላጎቱ እስኪሟላ ይደረደራል፤ የመጨረሻው ተፈላጊ አመንጪ የጠየቀው ዋጋም የሁሉም ዋጋ ይሆናል። ነገሩ ከእህል ገበያ አይለይም። ከቅርብ ወረዳ በአህያ የመጣው ጤፍና ከሩቅ በመኪና የተጫነው ጤፍ፣ ዓይነቱ አንድ እስከሆነና ሁለቱም እስከተፈለጉ ድረስ፣ በአንድ የገበያ ቀን የሚሸጡት በአንድ ዋጋ ነው፤ የቅርቡ ገበሬ ትርፉ ይበዛለታል እንጂ አሳንሶ አይሸጥም።

በሰሜን ምዕራብ አውሮፓ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው አመንጪ የጋዝ ጣቢያ ነው። ከሚያቃጥለው ጋዝ ግማሹን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ጣቢያ ለአንድ ሜጋዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ሁለት ሜጋዋት ሰዓት ጋዝ ይፈልጋል። ጋዝ በሜጋዋት ሰዓት 20 ዩሮ በነበረበት ዘመን የነዳጅ ወጪው 40 ዩሮ ነበር፤ በነሐሴ 2022 የሆላንዱ የጋዝ ገበያ ከ300 ዩሮ ሲያልፍ ግን ያው ስሌት ከ600 ዩሮ በላይ ያደርሰዋል። ደቡብ ስዊድን ደግሞ በባሕር ሥር ኬብል ከጀርመን ጋር ስለተገናኘች የዚያ ዋጋ ወደ እርስዎም ይዘልቃል፤ በአጠገብዎ የነበረው የባርሴቤክ ኒውክሌር ጣቢያም በ2005 ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል።

የወንድምዎ ነገር የመስመር ጉዳይ ነው። ትልልቆቹ ግድቦች ያሉት በሰሜን ሲሆን፣ ወደ ደቡብ የሚወርደው መስመር ሲሞላ ርካሹ ኃይል እዚያው ይቀራል። ስዊድን ቀድሞ አገሩን ሁሉ በአንድ ዋጋ ለመያዝ ስትል መስመሩ በተጨናነቀ ቁጥር ወደ ጎረቤት አገሮች የሚሄደውን ትቀንስ ነበር፤ ኮሚሽኑ ይህን የውድድር ሕግ ጉዳይ አድርጎ በመያዙ ከኅዳር 2011 ጀምሮ አገሪቱ በአራት የዋጋ ቀጠናዎች ተከፈለች። እርስዎ በአራተኛው፣ ወንድምዎ በሁለተኛው ውስጥ ናችሁ። በቀጠናዎች መካከል ካለው የዋጋ ልዩነት የሚሰበሰበው ገንዘብ ለመረቡ ባለቤት ለመንግሥት ድርጅቱ ይገባል፤ በ2023 መጀመሪያ ለደቡብ ነዋሪዎች በየባንክ ሂሳባቸው የተከፈለው የኤሌክትሪክ ድጎማ ከዚሁ የተገኘ ነው።

በችግሩ ወቅት ስፔንና ፖርቱጋል ለኃይል ማመንጫ በሚውል ጋዝ ላይ ጣሪያ እንዲያደርጉ ልዩ ፈቃድ አገኙ፤ ኅብረቱም በጥቅምት 2022 ባወጣው ጊዜያዊ ደንብ፣ ነፋስን፣ ፀሐይንና ኒውክሌርን ከመሳሰሉ ርካሽ ምንጮች የሚገኘውን ገቢ በሜጋዋት ሰዓት በ180 ዩሮ ገደበ። የጨረታውን ሕግ ራሱን እንዲቀይር ከየአቅጣጫው ቢጎተጎትም በ2024 አልነካውም፤ በእኛ አመለካከትም ትክክል ነው። ለአመንጪው የጠየቀው ዋጋ ብቻ እንዲከፈለው ቢታዘዝ ጥበቡን የሚያውለው የመጨረሻው ዋጋ ስንት እንደሚሆን በመገመት ላይ ይሆናል። ይልቅ የተመረጠው፣ መንግሥት ድጋፍ በሚሰጣቸው አዳዲስ የነፋስ፣ የፀሐይና የኒውክሌር ማመንጫዎች ላይ የሁለትዮሽ የዋጋ ውል መግባት ነው፤ ገበያው ከተስማሙበት ዋጋ በታች ሲወርድ መንግሥት ለአመንጪው ይሞላል፣ በላይ ሲወጣ አመንጪው ልዩነቱን ይመልሳል፤ የተመለሰውም ለደንበኞች መቀነሻ ወይም ለዘርፉ ሥራ ሊውል ይችላል።

ጥያቄ፦ በአገራችንም መብራት ኃይል ለሁለት ተከፍሏል። ይህ አውሮፓ ካደረገችው ጋር አንድ ነው?
ተማሪ ዮ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ተማሪ ዮ.፣ አንድ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ኮርፖሬሽኑ ሲከፈል ማመንጨትና ከፍተኛ ቮልቴጅ ማስተላለፍ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ማከፋፈልና ለደንበኛ መሸጥ ደግሞ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጠ። የአውሮፓ ሦስተኛ ፓኬጅ ከሁሉ አስቀድሞ የለየው ማመንጨትን ከማስተላለፍ ነው፤ እኛ ዘንድ እነዚህ ሁለቱ አሁንም በአንድ ድርጅት ሥር ናቸው። ሁለቱም ድርጅቶች የመንግሥት በመሆናቸውና ደንበኛው ሻጭ ስለማይመርጥ የእኛው የሥራ ክፍፍል እንጂ የገበያ መከፈት አይባልም። ጥያቄው ክብደት የሚያገኘው የግል አመንጪዎች በዝተው በዚያው መስመር ኃይላቸውን ማሳለፍ ሲፈልጉ፣ እንዲሁም መቀመጫው በአዲስ አበባ የሆነው የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ትስስር ተቋም በአገሮች መካከል የሚያስተባብረው ግብይት ሲሰፋ ነው፤ ያኔ የመስመሩን ተራና ኪራይ የሚወስነው አካል ከአመንጪው የተለየ መሆን አለመሆኑ በግልጽ መመለስ ይኖርበታል።