ቅዳሜም ሥራ፣ እሁድም ሥራ፤ ጀርመንኛው በየት በኩል ይግባ?

ሰላም ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ረጅም ስለሆነ ለአንባቢ ባጭሩ ላስቀምጠው። ጀርመን አገር ካሰል ዩኒቨርሲቲ በታዳሽ ኃይል ማስተርስህን እየተማርክ ነው። የቀረህ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። ቅዳሜ ሙሉ ቀን መጋዘን ውስጥ ዕቃ ትደረድራለህ፤ እሁድ ከሰዓት ምግብ ቤት አምስት ሰዓት ሳህን ታጥባለህ። የክፍልህ ልጆች መጀመሪያ ላይ እሁድ እሁድ "እንውጣ" ይሉህ ነበር። "ሥራ አለኝ" ስትላቸው ከርመህ አሁን መጥራቱን ትተዋል። ባለፈው ኦገስት እንደምንም አስፈቅደህ አብረሃቸው ኤደርዜ ሐይቅ ሄድክ፤ ፎቶውንም ፌስቡክ ላይ ለጠፍክ። ገንዘብ ያበደሩህ፣ ካናዳ ያሉት አጎትህ ከሥሩ "ተመቸህ ማለት ነው" ብለው ጻፉ። በማግስቱ ወንድምህ ደውሎ ለባጃጅ ቅድሚያ ክፍያ ጠየቀህ። ፎቶውን አጠፋኸው። ከዚያ ወዲህ የትም አልወጣህም። አሁን የምትጠይቀኝ "ዕዳ ያለበት ሰው ሽርሽር ቢሄድ ነውር አይደለም ወይ? በዚህ አያያዜስ ሥራ አገኛለሁ?" ብለህ ነው።

ትናንሾቹን ጥያቄዎች ቶሎ ልሸኛቸው። ፒኤችዲ ልቀጥል ወይ ላልከው፣ ምርምር ከልብህ ከወደድክ እንጂ ቪዛ ለማራዘም ብለህ አትግባበት። ሲቪ ላይ ፎቶ ላድርግ ወይ ላልከው፣ ግዴታ አይደለም፤ ብዙ ሰው ግን አሁንም ያደርጋል፤ ደህና ፎቶ ካለህ አድርገው። አጎትህ "ካናዳ ና" የሚሉህን ዲግሪህን እስክትይዝ እርሳው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ጥያቄህ አናዶኛል፤ የተናደድኩት ግን ባንተ አይደለም። ውጭ አገር የሄደ ሰው ማረፍ የለበትም፣ ካረፈ ገንዘብ ተርፎታል ማለት ነው በሚለው አመለካከት ነው።

ጀርመን አገር እሁድ ሱቅ ዝግ ነው። ሰዉ ወይ ጫካ ይገባል፣ ወይ ብስክሌት ይነዳል፣ ወይ የስፖርት ማኅበሩ ሜዳ ላይ ይውላል። በአዘቦት ቀን "ሃሎ" ብሎህ የሚያልፍ ጎረቤት እሁድ መንገድ ላይ ሲያገኝህ ቆም ብሎ ያወራል። አንተ በዚያ ሰዓት ሳህን ማጠቢያው ጋ ነህ። እኔም ሳህን አጥቤያለሁ፤ ሥራውን ንቄ አይደለም። ግን ማሽኑ ይጮሃል፣ የሚያናግርህ የለም። መጋዘን ውስጥም ቀኑን ሙሉ ጆሮህ ላይ ጢጥ ጢጥ የሚለው ስካነሩ ነው። በእረፍት ሰዓት አብሮህ የሚቀመጠው ኤርትራዊ ስለሆነ በአማርኛ ትጨዋወታላችሁ። ደግ ነው። ነገር ግን ሁለት ዓመት ጀርመን ኖረህ ጀርመንኛህ ኤ2 (ከጀማሪ ከፍ ያለው ሁለተኛው ደረጃ) ላይ የቆመው ሰነፍ ስለሆንክ አይደለም፤ የምትናገርበት ቀን ስለሌለህ ነው።

ትምህርትህ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሥራው ግን አብዛኛው በጀርመንኛ ነው። ተስፋ ያደረግክበት፣ እዚያው ካሰል አጠገብ ኒስቴታል ያለው የሶላር መሣሪያ አምራች ኤስኤምኤ በ2024 ሠራተኛ እንደሚቀንስ አስታውቋል። እኔ አንተን ብሆን ዓይኔን የምጥለው ስማቸውን ማንም በማያውቀው ድርጅቶች ላይ ነው። ጣሪያ ላይ ሶላር የሚተክሉ፣ የሕንፃ ማሞቂያ የሚገጥሙ፣ ሃያ ሠላሳ ሠራተኛ ያላቸው ቤቶች አሉ። እንዲህ ያለ ቤት ባለቤቱ ራሱ ነው ቃለ መጠይቅ የሚያደርግልህ፤ በእንግሊዝኛም አይደለም። እኔም መጀመሪያ የተቀጠርኩት እንደዚህ ያለ ቤት ነው። ባለቤቱን ያወቅኩት የሰፈር ቮሊቦል ማኅበር ውስጥ ነው፤ ማስታወቂያም አላወጣም ነበር።

"የት እሄዳለሁ?" ብለሃል። ካሰል ተቀምጠህ ይህን መጠየቅህ ገርሞኛል። በርግፓርክ ቪልሄልምስሆኸ የሚባለው የተራራ መናፈሻ ከ2013 ጀምሮ የዩኔስኮ ቅርስ ነው። ከሜይ 1 እስከ ኦክቶበር 3 ረቡዕና እሁድ በ14:30 ከሄርኩለስ ሐውልት ሥር ውሃ ይለቀቃል። ፓምፕ የለም። ተራራው አናት ላይ የተጠራቀመው ውሃ በራሱ ግፊት ቁልቁል ይወርድና መጨረሻ ላይ ከኩሬው ወደ 50 ሜትር ሽቅብ ይተኮሳል። የታዳሽ ኃይል ተማሪ ይህን ሳያይ ሊመረቅ ነው? ሕዝቡ ውሃውን ተከትሎ በእግሩ ይወርዳል፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። በየቦታው ቆሞ ውሃው እስኪደርስ ይጠብቃል። ሲጠብቅ ደግሞ ያወራል፤ ሕፃን ልጅ "መቼ ነው የሚመጣው?" ይልሃል፣ አሮጊቷ ባለፈው ዓመት ያየችውን ትነግርሃለች። ኤ2 ለዚህ ይበቃል። መግቢያ አይከፈልም። እሁድ ጠዋት ቅዳሴ እንደምትሄድ ጽፈሃል፤ ቅዳሴ ወጥተህ ትደርሳለህ።

ትራንስፖርቱንም ከሴሚስተር ክፍያህ ጋር ከፍለሃል። ሌላው ሰው ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በወር 63 ዩሮ የሚገዛው ዶይችላንድቲኬት (አገር አቀፉ የትራንስፖርት ትኬት) ኪስህ ውስጥ ነው። ፈጣኑ ባቡር አይሲኢ ላይ አይሠራም እንጂ በክፍለ አገር ባቡሮች አገሩን ሁሉ ያዞርሃል። አንተ ግን መጋዘን ለመመላለስ ብቻ ነው የተጠቀምክበት።

"ሲጋብዙኝ መልሼ መጋበዝ ስለማልችል ያሳፍረኛል" ያልከውን ተወው። እዚያ አገር ሽርሽር ሲወጣ ሁሉም የየራሱን ስንቅ ይዞ ይመጣል፣ የየራሱን ይከፍላል። ስንቅህ የጾም ከሆነ "ቪጋን ነህ እንዴ?" ብለው ይጠይቁሃል፤ ይኸው፣ ወሬ ተገኘ። ልጆቹም መጥራቱን የተዉት ጠልተውህ አይደለም። እምቢ ያለን ሰው አይለማመጡም፣ ልማዳቸው ነው። አሁን ተራው ያንተ ነው። ሁለት ሳምንት አስቀድመህ ቀን ቁረጥና ጥራቸው፤ ለነገ ብትል ማንም አይመጣም። እነሱ ካልተመቻቸው የዩኒቨርሲቲው ስፖርት ክፍል አለ፣ የእግር ጉዞ የሚያዘጋጁ ማኅበራትም አሉ።

ገንዘቡን እንየው። ዝቅተኛው ክፍያ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በሰዓት 13.90 ዩሮ ነው። የእሁዱ አምስት ሰዓት በወር ወደ 300 ዩሮ ይመጣል። ወደ ቤተሰብ የምትልከውም 300 ነው፦ 150 ለአጎትህ፣ 100 ለወንድምህ፣ 50 ለእናትህ። የቀረውን ኑሮህን ቅዳሜውና በእረፍት ወራት ያጠራቀምከው ይሸፍነዋል ብለሃል። ስለዚህ እሁድህን በሙሉ ለሰው ነው የሰጠኸው።

አጎትህ ለሽፐርኮንቶው (ለቪዛ በዝግ ሒሳብ ለሚቀመጠው ገንዘብ) 11,904 ዩሮ አበድረውሃል። ዕዳ ነው፣ ይከፈላል። ግን በወር 150 ስትል ከስድስት ዓመት ተኩል በላይ ይፈጃል። ስትመረቅ ሥራ የምትፈልግበት የመኖሪያ ፈቃድ ደግሞ ቢበዛ 18 ወር ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ በሙያህ ካልተቀጠርክ እሳቸውም ገንዘባቸውን አያዩትም። ይህን በግልጽ ንገራቸው፤ "እስክቀጠር ድረስ በወር 50 እከፍላለሁ፣ ከዚያ ይህን ያህል" ብለህ በጽሑፍ አድርገው። "እኔ ሰባት ቀን ሠርቼ ነው ሰው የሆንኩት" ይሉህ ይሆናል። አምናቸዋለሁ። ግን እሳቸው ካናዳ የገቡት እንግሊዝኛውን ይዘው ነው።

የእናትህ 50 አይነካ። የወንድምህ 100 ይቁም። 26 ዓመቱ ነው፣ ጤነኛ ነው፣ የምትልክለትን ምን እንዳደረገበት አታውቅም፤ ራስህ ነህ የጻፍከው። ይቀየምህ ይሆናል። ይቀየም። ፎቶህን ግን ለእሱ ብለህ አታጥፋ።

እሁድን ስትለቅ መጀመሪያ ላይ ይጎድልሃል፤ አልደብቅህም። ግን ጀርመንኛህ ትንሽ ሲፈታ ቬርክሽቱደንት (እየተማረ በሙያው የሚሠራ ተማሪ) ሆነህ በሥራ ቀን መግባት ትችላለህ፤ በሴሚስተር በሳምንት እስከ 20 ሰዓት። ሁለት ቀን 16 ሰዓት ብትሠራና ዝቅተኛውን ቢከፍሉህ እንኳ በሳምንት 222 ዩሮ ነው። አሁን ቅዳሜና እሁድህን ሸጠህ የምታገኘው 180 ገደማ ነው። በዚያ ላይ ሲቪህ ላይ የሚጻፍ ሥራ ነው።

ምግብ ቤቱን በዚህ ሳምንት አሳውቃቸው። ከስንት ቀን በፊት ማስታወቅ እንዳለብህ ውልህ ላይ አለ። በዋትሳፕ ወይም በኢሜይል አትላከው፤ በሕጉ አይቆጠርልህም። በወረቀት ጽፈህ፣ በእጅህ ፈርመህ ስጣቸውና መቀበላቸውን ቅጂው ላይ አስፈርም።