መልስ፦ ኤማ ጎልድማን የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት የማኪንሊን ገዳይ ልካዋለች?

አልላከችውም። ገዳዩ ሊዮን ቾልጎሽ እ.ኤ.አ. በሜይ 1901 ክሊቭላንድ ላይ የአናርኪስቷን (መንግሥት አያስፈልግም ባይዋን) የጎልድማንን ንግግር ሰምቷል። ከተኩሱ በኋላ ፖሊስ ቺካጎ ላይ ያዛት፣ ማስረጃ ሲያጣ ለቀቃት።

«የአናርኪስቶች አባልስ ነበር?» ላልከው፣ ራሱን አናርኪስት ቢልም እነሱ እንኳ አላመኑትም። ጥያቄ ሲያበዛባቸው «ፍሪ ሶሳይቲ» የተባለው ጋዜጣቸው ሰላይ ሳይሆን አይቀርም፣ ተጠንቀቁ ብሎ ጻፈ። ይህ በሴፕቴምበር 1 ነው። በዚያው ወር በ6 ቡፋሎ ከተማ በተካሄደው ኤግዚቢሽን ላይ ፕሬዚዳንቱን ሊጨብጥ ከተሰለፈው ሕዝብ ጋር ቆመ። ቀኝ እጁ በመሐረብ ተጠቅልሏል፣ የቆሰለ ይመስላል። ሽጉጡ እዚያ ውስጥ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ተኮሰ።

ከግድያው በኋላ፣ በ1903 የአሜሪካ ኮንግረስ አናርኪስት መጤዎች አገር እንዳይገቡ ሕግ አወጣ። (ቾልጎሽ እኮ ሚሺጋን የተወለደ ነው! ሕጉ ቀድሞ ቢኖር እሱን አያግደውም ነበር።)

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስትመልስ ዓመቱ ይከፈልብሃል። ፕሬዚዳንቱ የተተኮሰበት ጳጉሜን 1 ቀን 1893 ነው፣ የሞተው ግን መስከረም 4 ቀን 1894። እኔ ሁለቱንም 1893 ብዬ ጽፌ፣ ሰውየው ከሞተ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ የተተኮሰበት አስመስዬ ነበር፤ አርሜዋለሁ።