የላቦራቶሪው ሦስት ዓመት አልባከነም

ውድ እኅቴ፣

በሕክምና ላቦራቶሪ ሳይንስ ተመርቀሽ በሆስፒታል ሦስት ዓመት እንደ ሠራሽ፣ በእርግዝና ወቅት የሚከሰተውን የስኳር ሕመም አስቀድመው ሊጠቁሙ የሚችሉ በደም ውስጥ ያሉ ሞለኪውላዊ አመልካቾችን ለማጥናት የሁለተኛ ዲግሪ ዕድል እንዳገኘሽ፣ ነገር ግን «ናሙና ከመቀበልና ከማዘጋጀት በቀር የማውቀው የለም፤ በተመራማሪዎች መካከል ምን እሠራለሁ?» የሚል ሥጋት እንደ ያዘሽ ጽፈሻል። እኔም ወደ ምክር ሥራ የመጣሁት አሥራ አንድ ዓመት በላቦራቶሪ ከቆየሁ በኋላ ነውና ጥያቄሽን በቀላሉ ላልፈው አልቻልሁም።

እንደምታውቂው፣ ምርመራው በአብዛኛው የሚደረገው ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ነፍሰ ጡሯ 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመዘኛ መሠረት በባዶ ሆድ 92፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 180 ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ 153 ሚሊግራም በዴሲሊትር መድረሱ ሕመሙ አለ ለማለት በቂ ነው። አመልካች ፈላጊዎቹ ግን ሥጋቱን በመጀመሪያዎቹ ወራት ከተቀዳ ደም ለማየት ይሻሉ። ኋላ ሕመሙ በሚይዛቸው እናቶች ዘንድ ቀድሞ ዝቅ ብሎ የሚታየው አዲፖኔክቲን የተባለው ሆርሞንና ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚባሉት ጥቃቅን ሞለኪውሎች ከእጩዎቹ መካከል ናቸው፤ እስካሁን ግን የግሉኮሱን ምርመራ የተካ የለም። የአንዱ ጥናት ውጤት ከሌላው የማይገጥምበት አንዱ ምክንያት ያለው አንቺ በናቅሽው ሥራ ላይ ነው።

ማይክሮ አር ኤን ኤ 16ን ውሰጂ። በእጩነት ተደጋግሞ ተጠቅሷል፤ በቀይ የደም ሴል ውስጥም እጅግ በብዛት ይገኛል። ስለዚህ ደሙ በኃይል ተስቦ ሴሎቹ ከፈረሱ ቁጥሩ ይንራል፤ ተመራማሪውም የናሙናውን ጉዳት የእናቲቱ ሕመም አድርጎ ያነበዋል። አንድ ማለዳ ከእናቶች ክፍል የመጣ ቲዩብ ወደ መስኮቱ አንሥቼ ሳየው ፕላዝማው፣ ማለትም የደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ እንደ ከርከዴ ሻይ ቀልቶ ነበር፤ ከሩቅ ጾማ የመጣችውን ሴት በማግሥቱ እንድትመለስ ስነግራት ፊቷ ላይ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ግሉኮሱም ቢሆን ሴሎቹ ስለሚበሉት፣ ሳይጣራ፣ ማለትም ሴሎቹ ከፈሳሹ ሳይለዩ፣ ጠረጴዛ ላይ በቆየ ደም ውስጥ በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል፤ 95 የነበረው በአንድ ሰዓት ከ92 በታች ይወርዳል፤ እናቲቱም ጤነኛ ተብላ ትሸኛለች። ይህን ከእጅሽ የምታውቂ አንቺ ለምርምር ቡድኑ ታስፈልጊያለሽ።

ስለዚህ ዕድሉን ተቀበዪ፤ ሥራሽን ግን አትልቀቂ። የምርምር ገንዘብ ሲቋረጥ ክፍያውም ይቋረጣል፤ የላቦራቶሪ ተረኛ ግን ሁልጊዜ ይፈለጋል። የሌሊት ተራ ጠይቀሽ ቀኑን ለትምህርት አውዪው፤ ከባድ ቢሆንም ይቻላል። ያሳሰበሽን ስታቲስቲክስ እዚያው ትማሪዋለሽ፤ ዕድሜሽ ሃያ ስድስት መሆኑም መዘግየት አይደለም።

አጎትሽ «ትምህርት ይብቃሽ፣ ዱባይ ሂጂ» ማለታቸውን፣ ከደመወዝሽም ግማሹ ለወንድምሽ ቤት ማሠሪያ እንደሚሄድ ጽፈሻል። እናትን መጦር ተገቢ ነው፤ ሠርቶ የሚያድር ወንድም ቤት መሥራት ግን ያንቺ ዕዳ አይደለም። ለእናትሽ ቁርጥ ያለ መጠን ወስኚና የቀረው እንደሚቆም ራስሽ ተቀምጠሽ ለቤተሰብሽ ንገሪያቸው።

ከመፈረምሽ በፊት አማካሪ የሚሆኑሽን መምህር፣ ደሙ ከተቀዳ በስንት ደቂቃ ውስጥ እንደሚጣራና በስንት ዲግሪ እንደሚቀመጥ ጠይቂያቸው። መልስ ከሌላቸው ሌላ አማካሪ ፈልጊ።