የፎርድ 1.0 ኢኮቡስት ቺንጊያ፦ ሻጩ ያልነገረሽ ግማሹ

ሰላም እህታችን። ጥያቄሽ ስለ 2014 (እ.ኤ.አ.) ፎርድ ፎከስ ነው፤ 1.0 ኢኮቡስት የሚባለው ትንሽ ባለቱርቦ የቤንዚን ሞተር ያለው፣ 138 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ፣ እዚያው ጀርመን የሚሸጥ። ሻጩ «ቺንጊያው እስከ 240 ሺህ አይነካም» ብሎሻል። ቺንጊያ የሞተሩን ክፍሎች የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ ነው። ቁጥሩ ልክ ነው፣ ግን ግማሹን ውጦታል። ፎርድ ያስቀመጠው 240 ሺህ ኪሎ ሜትር ወይም 10 ዓመት ነው፤ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ይቆጠራል። ይህ መኪና 10 ዓመቱን አልፏል። ስለዚህ በአምራቹ ደንብ እንኳ የቺንጊያው ጊዜ አብቅቷል፤ ድርድሩ ከዚህ ይጀምር።

ሞተሩን በደፈናው «አይረባም» የሚሉሽን አትስሚ። 999 ሲሲና ሦስት ሲሊንደር ብቻ ይዞ 100 ወይም 125 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል፤ ከ2012 እስከ 2014 ለሦስት ተከታታይ ዓመታት የዓለም አቀፍ የዓመቱ ምርጥ ሞተር ሽልማት ወስዷል። ክፋቱ ዘይት ላይ የተሠራ ስንፍናን አይምርም።

ምክንያቱ ይኸው ቺንጊያ ነው። እንደ ድሮዎቹ መኪኖች ውጭ በደረቁ አይዞርም፤ ሞተሩ ውስጥ ዘይት እየነካው ይሠራል። በክረምት ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ሱፐርማርኬት ደርሶ የሚመለስ መኪና ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ይጠፋል። ያልተቃጠለው ቤንዚን በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱ ውስጥ ይገባል፣ ሙቀት ስለማያገኝም ተንኖ አይወጣም። ቤንዚን የበዛበት ዘይት የቺንጊያውን ጎማ ያሳብጠዋል፣ ያላላዋል፣ በኋላም ይሰነጥቀዋል። ስፔሲፊኬሽኑን የማያሟላ ዘይትም ያንኑ ያደርጋል። የሚላጠው ፍርፋሪ ወደ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ወርዶ የዘይት ፓምፑ መምጠጫ ወንፊት ላይ ይለጠፋል። ወንፊቱ ሲደፈን የዘይት ግፊት ይወርዳል፤ በደቂቃ እስከ 248 ሺህ ጊዜ የሚዞረው ቱርቦና የኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ብሮንዚናዎች (ዘንጉ የሚዞርባቸው መቀመጫዎች) ያለ ዘይት ይፋጫሉ። ለዚህ ነው ቺንጊያው ሳይበጠስ ሞተሩ የሚነክሰው (ተጣብቆ የሚቆመው)። ብዙ ሰው «ተበጠሰ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መጠየቅ ያለበት ግን ወንፊቱ ነው።

በዚህ መኪና ዘመን የተሠራው ሞተር ቺንጊያ አንድ ብቻ አለመሆኑንም እወቂ። አንዱ ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ያዞራል፣ ሌላው አጭሩ የዘይት ፓምፑን። ሁለቱም ዘይት ውስጥ ናቸው። አንዳንድ ጋራዥ የመጀመሪያውን ቀይሮ ሁለተኛውን ይተወዋል፣ ምክንያቱም ለሁለተኛው ኮፓው መውረድ አለበት። ስለዚህ ሻጩ «ተቀይሯል» ካለ ደረሰኙን ጠይቂ፤ «ሳንሪመን» (የካምሻፍቱ ቺንጊያ) ብቻ ሳይሆን «ኧልፑምፐንሪመን» (የዘይት ፓምፑ ቺንጊያ) የሚልም ይኑርበት። የጭንቅ ሰዓት ጀርመንኛ ነው፣ ግን ያስፈልግሻል። ከ2018 ወዲህ ከወጡት የዚህ ሞተር ዓይነቶች ብዙዎቹ ካምሻፍቱን በካቴና (በብረት ሰንሰለት) ያዞራሉ፤ «ካቴና ነው፣ ችግር የለውም» ሲሉ የዘይት ፓምፑ ቺንጊያ እዚያው መኖሩን ይረሳሉ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ፣ ከ2018 እስከ 2022 የተሠራ ኢኮስፖርት ወይም ከ2016 እስከ 2018 የተሠራ 1.0 ፎከስ ካላችሁ፣ በዚሁ የዘይት ፓምፕ ቺንጊያ መወጠሪያ ምክንያት ፎርድ መኪኖቹን ለጥገና መልሶ ጠርቷቸዋልና (ሪኮል) በሻሲ ቁጥራችሁ አረጋግጡ።

ቲዩፍ (የጀርመን የተሽከርካሪ ምርመራ) ማለፉ ስለዚህ ጉዳይ ምንም አይነግርሽም። ፍሬንና ጭስ ያያሉ እንጂ ኮፓ አያወርዱም።

ልታዪው ስትሄጂ ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን፤ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቀሽ ሌላ ቀን ተመለሺ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተሽ አሽትቺ። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ወይም መጠኑ ከላይኛው ምልክት ካለፈ በአጭር ጉዞ የኖረ መኪና ነው። የአገልግሎት ደብተሩ ላይ ዘይት በየስንት ኪሎ ሜትሩ እንደተቀየረ ቁጠሪ። በየ20 ሺው የተቀየረ እንደ ደንቡ ነው፤ ለዚህ ቺንጊያ ግን በጣም ይረዝማል። በየ30 ሺው ከሆነ ተመለሺ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ንጂው፣ በደንብ ሲሞቅ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጪ ሞተሩ እየሠራ) አቁሚው። የግፊት ችግር ብቅ የሚለው ያኔ ነው፣ ዘይቱ ቀጥኖ ፓምፑም ቀስ ሲል። ቀዩ የዘይት መብራት ብልጭ ካለ ወይም የመመርመሪያ ኮምፒውተር ላይ ፒ 0524 (የዘይት ግፊት መውረዱን የሚናገር የስህተት ኮድ) ከወጣ ዋጋው ግማሽ ቢሆንም አትግዢው።

ሁለተኛው ገዳይ ውሃው ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት ላይ ወደ ውሃ ማጠራቀሚያው የሚሄደው የፕላስቲክ ቱቦ እየተሰነጠቀ ውሃ ያፈስስ ነበር፤ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ግሎ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። የውሃውን መጠን በቀዝቃዛ ሞተር እዪ፣ ቱቦው ዙሪያ ነጣ ያለ የደረቀ ዝቃጭ ፈልጊ። መሙላት ካስፈለገ ብርቱካናማው ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ነው፣ ኤም 97 ቢ 44 ዲ የሚል፣ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል። ሌላ ቀለም አትደባልቂ።

ከገዛሽው በኋላ ዘይትና ፊልትሮ በመጀመሪያው ሳምንት። 4.1 ሊትር ከነፊልትሮው፣ 5 ደብልዩ 20፣ ጣሳው ላይ ደብልዩ ኤስ ኤስ ኤም 2 ሲ 948 ቢ የሚለው ቁጥር በግልጽ የተጻፈበት። «ለፎርድ ይስማማል» የሚል ወሬ አይበቃም። ከዚያ ወዲያ በየ10 ሺህ ኪሎ ሜትር ወይም በዓመት። የሞተር ማጠቢያ ኬሚካል የሚባለውን እንዳታስጨምሪ፤ ጎማውን የሚያላላ ማሟሟያ አለበት፣ ያራገፈውን ቆሻሻም ወንፊቱ ላይ ይሰበስበዋል። ካንዴላዎቹ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉት) ሦስት ናቸው፣ በ60 ሺህ ኪሎ ሜትር ይቀየራሉ፣ ክፍተታቸው 0.7 ሚሊ ሜትር። ዳገት ላይ ሲጫን የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) ከመግዛትሽ በፊት ካንዴላውን እዪ።

አነዳድ ላይ አንድ ነገር፦ በ5ኛ ወይም በ6ኛ ማርሽ፣ ከ1,500 ዙር በታች ሆነሽ ነዳጁን እስከ ታች አትርገጪ። ትናንሽ ቱርቦ ሞተሮች ላይ ቤንዚኑ ካንዴላው ሳይተኩስ ቀድሞ የሚቀጣጠለው እንዲህ ሲጨነቁ ነው፤ ፒስተን ይሰብራል። ማርሽ ቀንሺ። አውቶባን ላይ ከተሯሯጥሽ የመጨረሻዎቹን ሁለት ደቂቃ ቀስ ብለሽ ንጂ፣ ቱርቦው ይቀዝቅዝ።

ሁለቱንም ቺንጊያ ከነመወጠሪያቸው ማስቀየር ጀርመን ውስጥ ከ1,000 ዩሮ በላይ ይወስዳል። ኮሎው ላይ ያለው ጥርስ በቁልፍ ስላልተያያዘ ልዩ መቆለፊያ መሣሪያ ይፈልጋል፤ መሣሪያው የሌለው ጋራዥ «በምልክት አደርገዋለሁ» ካለሽ አታስነኪው። ኮፓው ሲወርድ ወንፊቱን ፎቶ አንስተው እንዲልኩልሽ ጠይቂ። ደረሰኝ ካልቀረበልሽ ይህን ገንዘብ ከዋጋው አስቀንሺ፤ ሻጩ እምቢ ካለ ቤንዚን በልቶት የማያውቅ ቺንጊያ ያለው ሌላ ፎከስ ፈልጊ።